ለማን ልጫወት?

(በስቶክሆልም፣ በታዳጊ ቡድናችን የውድድር ዘመን መዝጊያ ምሽት ለወላጆችና ለተጫዋቾች የቀረበ ንግግር)

ውድ ወላጆች፣ እንግዶቻችን፣ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?

መጀመሪያ ቡናውን ላፈሉልን እናቶች ምስጋናዬ ይድረስ። አስተባባሪዎቹ "አስራ አምስት ደቂቃ ተናገር" ሲሉኝ፣ እኔ የሜዳ ሰው ነኝ፣ መጮህ እንጂ ንግግር አላውቅበትም ብያቸው ነበር። አልሰሙኝም። ስለዚህ ጽፌ መጣሁ። ከወረቀት ሳነብ ብታዩኝ አትፍረዱብኝ።

በመስከረም አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ አንድ ልጅ ወደኋላ ቀረ። የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ የታኬታውን ጭቃ በእንጨት ይፍቃል። ቀና ሳይል "ኮች፣ እኔ ትልቅ ስሆን ለስዊድን ነው ለኢትዮጵያ የምጫወተው?" አለኝ። "መጀመሪያ በግራ እግርህም ተጫወትልኝ" ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም። ትንሽ ቆይቶ "አያቴ ስትደውል ለአገርህ ነው አይደል የምትጫወተው ትለኛለች። ትምህርት ቤት ደግሞ አንተ ከየት ነህ ይሉኛል" አለኝ።

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ያንን የቤት ሥራ ይዤ ነው የመጣሁት። ልጁ እዚሁ ተቀምጧል። እንዳያፍር ስሙን አልጠራም።

መልሱን ከራሴ አላመጣሁትም። ከአንድ አጥቂ ነው የተዋስኩት። ኢኛኪ ዊሊያምስ ይባላል። ልጆች "ኢሳክ እያለ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። የስዊድኑ አጥቂ አሌክሳንደር ኢሳክ እዚሁ ሶልና ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለደ የሰፈር ልጅ ነው፤ ስለሱ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። እሱን ለእናንተ ትቼላችኋለሁ። የኢኛኪን የመረጥኩት አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ማሊያ ስላለበት ነው። የምጠራቸው የእግር ኳስ ቀኖች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አባቱ ፊሊክስ፣ እናቱ ማርያ ይባላሉ። ከጋና ተነስተው በሰሃራ በኩል ወደ አውሮፓ ጉዞ ጀመሩ። የተወሰነውን መንገድ ሰው እንደ ከሰል በታጨቀበት መኪና፣ የቀረውን በእግር። ፊሊክስ በሚፋጀው አሸዋ ላይ በባዶ እግሩ ሄዷል። እኛ "የእግር እሳት ሆነብኝ" ስንል አባባል ነው። ፊሊክስ ግን የውስጥ እግሩ በትክክል ተቃጥሎ፣ ከዓመታት በኋላም ያመው ነበር። ማርያ ደግሞ በዚያ ጉዞ ላይ ነፍሰ ጡር ነበረች። እርጉዝ መሆኗን ራሷም አላወቀችም። ኢኛኪ ሆዷ ውስጥ ሆኖ ነው በረሃውን ያቋረጠው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ በሱዳንና በሊቢያ በኩል የመጣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ለእናንተ ስለ ሰሃራ ላስረዳ አልቃጣም።

ሜሊያ ስትባል በሞሮኮ በኩል ያለች የስፔን ከተማ ናት። አጥሯን ዘለው ገቡ፤ ተያዙ። እዚያ አንድ ጠበቃ "ጦርነት ካለበት ከላይቤሪያ ነው የመጣነው በሉ" ብሎ መከራቸው። እንደዚያ ብለው ጥገኝነት ጠየቁና ወደ ሰሜን ስፔን፣ ወደ ባስክ አገር ወደ ቢልባዎ ተላኩ። የተቀበላቸው ቄስ ኢኛኪ ማርዶኔስ ይባላል። ልጁ ጁን 15 ቀን 1994 ሲወለድ ስሙን ከቄሱ ወሰደ። የመጀመሪያዋን ቀይና ነጭ የአትሌቲክ ቢልባዎ ማሊያም ቄሱ ነው የሰጠው። እዩት እንግዲህ፦ የጋና ልጅ፣ የባስክ ስም፣ የእንግሊዝ የአባት ስም፣ ላይቤሪያ የሚል ወረቀት። "አንተ ከየት ነህ?" የሚለው ጥያቄ ለዚህ ልጅ ምን ያህል ቀላል እንደሚሆን አስቡት።

ወላጆቹ ያን ሁሉ መከራ ለረጅም ጊዜ አልነገሩትም። ሆድ ይፍጀው ብለው ያዙት። እዚህም እንደዛ የያዛችሁ አላችሁ። አልወቅሳችሁም። ግን ልጅ እየሰማ አይመስላችሁ እንጂ ይሰማል።

ቤተሰቡ ወደ ፓምፕሎና ተዛወረ። ሥራ ሲጠፋ አባትየው ወደ ለንደን ሄደ፤ ያገኘውን እየሠራ ለዓመታት እዚያ ቆየ። ማርያ አንድ ሥራ ጨርሳ ወደ ሌላው ትሮጣለች። ታናሹ ኒኮ በ2002 ተወልዷል፤ በስምንት ዓመት ይበላለጣሉ። ኢኛኪ ትምህርት ቤት ያደርሰዋል፣ ያበላዋል፣ ይቆጣዋል። ታላቅ ወንድም አባት ሲሆን ምን እንደሚመስል ለኢትዮጵያውያን መተንተን የለብኝም።

አሁን ኳሱ። አትሌቲክ ቢልባዎ በ1898 የተመሠረተ፣ ከስፔን አንደኛ ዲቪዚዮን ወርዶ የማያውቅ ክለብ ነው። አንድ የሚገርም ልማድ አለው፦ ባስክ አገር የተወለደ ወይም እዚያ በእግር ኳስ ያደገ ተጫዋች ብቻ ነው የሚያሰልፈው። ገንዘብ ቢኖረውም ከውጭ አያስመጣም። ልማዱን ሲሰሙ "ዘር ቆጠራ ነው" የሚሉ አሉ። እኔም እጠራጠር ነበር። ግን በዚያው ሕግ መሠረት የስደተኞች ልጅ የሆነው ኢኛኪ የቤት ልጅ ነው። ዲሴምበር 2014 ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። ፌብሯሪ 19 ቀን 2015 ቶሪኖ ላይ ሲያስቆጥር፣ በክለቡ ታሪክ ጎል ያገባ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ዛሬ የቡድኑ አምበል ነው።

ልጆች፣ ይህቺን ደግሞ ልብ በሉ፤ በተለይ "ኮች ዛሬ ቁርጭምጭሚቴን አሞኛል" የምትሉኝ። ኢኛኪ ከአፕሪል 2016 እስከ ጃንዋሪ 2023 ድረስ አንድም የላሊጋ ጨዋታ አላመለጠውም። 251 ጨዋታ በተከታታይ። ከዚያ በፊት የነበረው ሪከርድ 202 ነበር። መጨረሻ ላይ ጡንቻው ሲጎዳና ሲቀር አንድ ነገር ተናገረ፦ ከሁለት ዓመት በላይ የውስጥ እግሩ ውስጥ የብርጭቆ ስባሪ ይዞ ሲጫወት ነበር። ሁለት ሳንቲ ሜትር። ሐኪሞች ሲያወጡት ሥጋ ሸፍኖት ነበር። አባት በተቃጠለ እግር በረሃ አቋረጠ፣ ልጅ ብርጭቆ በረገጠ እግር ሮጠ። እኔ ግን፣ ወላጆች ፊት ልናገርና፣ ይህንን እንድታደርጉ አልፈልግም። ካመማችሁ ንገሩኝ።

ወደ ማሊያው ልመለስ። ሜይ 29 ቀን 2016 ኢኛኪ ለስፔን ዋና ቡድን ተሰለፈ፤ ከቦስኒያ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልጮኸም። ስድስት ዓመት። በመሃል ጋናዎች ሲጠይቁት፣ በ2021 የሰጠው መልስ እኔን በጣም ነው የነካኝ። ጋናን መቶ በመቶ የሚሰማው ሌላ ልጅ ቦታውን ብነጥቀው ልክ አይመስለኝም ነበር ያለው በአጭሩ። ልጁ ተጠንቅቋል። የማላውቃትን አገር ስም ደረቴ ላይ አልለጥፍም ብሏል።

በ2022 ክረምት ላይ ጋና ሄደ። ዘመዶቹን አየ፣ አያቱን አገኘ። ጁላይ 5 ቀን "ለጋና እጫወታለሁ" አለ። ወሬው ወዲያው ተነሳ፦ "ስፔን ስላልጠራችው ነው"፣ "ለዓለም ዋንጫ ብሎ ነው"። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነው ያሰብኩት። የዓለም ዋንጫው አራት ወር ነበር የቀረው። ምናልባት እሱም አንዱ ምክንያት ይሆናል። ቢሆንስ? እኛስ ወደዚህ አገር የመጣነው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው?

ለወላጆች አንድ የሕግ ነገር ጣል ላድርግ፣ ይጠቅማችኋል። ኢኛኪ መቀየር የቻለው ለስፔን የተጫወተው ወዳጅነት ብቻ ስለነበር ነው። ሙኒር ኤል ሃዳዲን ተመልከቱ። እሱም አጥቂ፣ እሱም ስፔን የተወለደ፣ በአባቱ የሞሮኮ ልጅ። ሴፕቴምበር 2014 ለስፔን ከመቄዶንያ ጋር በአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ተቀይሮ ገባና ጥቂት ደቂቃ ተጫወተ። ማጣሪያ ነውና እነዚያ ደቂቃዎች አሰሩት። ሞሮኮ በ2018 ለዓለም ዋንጫ ስትሄድ ፍርድ ቤት ድረስ ከሶ ተሸነፈ። ፊፋ በ2020 ደንቡን ካላላ በኋላ፣ በ2021 ነው ነፃ የወጣው። እና ልጃችሁ ለዋናው ቡድን ሲጠራ ከመጨፈራችሁ በፊት "ወዳጅነት ነው ማጣሪያ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ጨፍሩ።

የኛ ደግሞ ሌላ ነው። ስፔንና ጋና ለኢኛኪ ሁለት በር ከፍተውለታል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት፣ ውጭ በመወለዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ አካለ መጠን ካደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ የኢትዮጵያን እንደሚይዝ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። በአንድ ዓመት! ያ ልጅ እኮ በዚያ ዓመት መንጃ ፈቃድም በቅጡ አላወጣም። ለኛ ያለችን ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዋ ናት። ያለ ቪዛ ታስገባለች፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ታሠራለች፣ ዜግነት ግን አይደለችም። ሜዳ ላይ ቢጫ ካርድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እኛ ደግሞ ተሰልፈን የምንወስደው እሱን ነው። ይቅርታ፣ ቀልዱን መተው አልቻልኩም።

ቢሆንም መንገዱ ጨርሶ አልተዘጋም። በ2013 ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ፣ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ውስጥ ፉአድ ኢብራሂም ከአሜሪካ፣ አጥቂው የሱፍ ሳላህ ከዚሁ ከስዊድን ሄደው ነበር። ትዝ ይላችኋል ያ ጥር? ብርዱ፣ ባንዲራው፣ በየቤቱ የነበረው ጩኸት?

ወደ ዊሊያምስ ቤት። ሴፕቴምበር 23 ቀን 2022 ኢኛኪ ለጋና ከብራዚል ጋር የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ፤ 3 ለ 0 ተሸነፉ። በማግስቱ፣ አዎ በማግስቱ፣ ታናሹ ኒኮ ለስፔን የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ሁለቱም ከአንዲት ማርያ ቤት ወጥተው። "ከሁለት ያጣ ጎመን" እንላለን እኛ። ማርያ ግን ከሁለቱም አላጣችም።

ቀላል ነበር እያልኩ አይደለም። ኖቬምበር 24፣ ዶሃ። ጋና በፖርቹጋል 3 ለ 2 እየተመራች ነው፣ ጨዋታው ሊያልቅ ነው። በረኛው ዲዮጎ ኮስታ ኳሱን ይዞ ከኋላው ሰው ያለ አልመሰለውም። ኳሱን መሬት ላይ አስቀመጠ። ኢኛኪ ከኋላው ተደብቆ እየጠበቀ ነበር። እንደ ድመት ብቅ አለ። ጎሉ ባዶ ነው። በዚያች ቅጽበት እግሩ ከዳው፤ አዳለጠው። ፖርቹጋሎች ኳሷን ጠርገው አወጧት፣ ፊሽካ ተነፋ። እኔ ሶፋው ላይ ነበርኩ፤ ሻዬን ደፋሁት። ያ እግር፣ ሰባት ዓመት ሊሞላ ለጥቂት አንድ ጨዋታ ያላመለጠው እግር።

ለጋና የመጀመሪያ ጎሉን እስኪያገባ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀበት። ስድቡን አትጠይቁኝ። "ስፔን ሲሆን ያገባል፣ ለኛ ሲሆን ይተኛል።" ስፔን ውስጥ ደግሞ በጃንዋሪ 2020 ባርሴሎና ከተማ አጠገብ ባለ ስታዲየም ተቀይሮ ሲወጣ የዝንጀሮ ድምፅ ያሰሙበት ነበሩ። አንዱ ጋ ጥቁር ነህ፣ ሌላው ጋ ፈረንጅ ነህ። ኖቬምበር 17 ቀን 2023 ኩማሲ ላይ ማዳጋስካርን በጭማሪ ደቂቃ፣ 96ኛው ላይ አገባባቸው። 1 ለ 0።

ከዚያ ያቺ ሳምንት መጣች። ጃንዋሪ 22 ቀን 2024 ሰኞ ማታ አቢጃን ላይ ጋና በአፍሪካ ዋንጫ ሞዛምቢክን 2 ለ 0 መርታ በጭማሪ ደቂቃ ሁለት ጎል ገባባት። ጥፋት ነው። ኢኛኪ አውሮፕላን ተሳፈረ። ረቡዕ ማታ ቢልባዎ ነበር፤ ከባርሴሎና ጋር የንጉሡ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ። ተጨማሪ ሰዓት ላይ ኢኛኪ አገባ። መጨረሻ ላይ ኒኮ አገባ። 4 ለ 2። አፕሪል 6 ሲቪያ ላይ ማዮርካን በመለያ ምት አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ፤ ክለቡ ዋንጫውን ካነሳ 40 ዓመት ሆኖት ነበር። በጁላይ ደግሞ በርሊን ላይ፣ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኒኮ እንግሊዝ ላይ ለስፔን የመጀመሪያውን ጎል አስቆጠረ።

አሁን ወደ ልጁ። ስማኝ። ኢኛኪ ያንተን ጥያቄ ለመመለስ 28 ዓመት ፈጅቶበታል። አንዴ "አይሆንም" ብሎ፣ ሄዶ አይቶ፣ ተመልሶ "እሺ" ብሏል። ወንድሙ ደግሞ ሌላ መልስ ሰጥቶ አንድ ቡድን ውስጥ አብረው ተጫውተዋል። አንተ አስራ አምስት ዓመት ይቀርሃል። አያትህ ስትደውል "እያሰብኩበት ነው እማማ" በላት። የግራ እግርህን ነገር ግን አስራ አምስት ዓመት አልጠብቅህም።

ወላጆች፣ ሁለት ማሊያ ገና አልተመለሰም፤ 7 ቁጥርና 11 ቁጥር። የማን ቤት እንዳሉ እናውቃለን። ታጥበው ቅዳሜ ይምጡልን። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል ብለውኛል፤ በረካው ሳያልፈን ላብቃ።

አመሰግናለሁ።