«ምን አመጣችሁልን?»

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የዛሬው እንግዳዬ በመጨረሻ ሰዓት ቀርቶብኛል። ብቻዬን ነኝና ከትናንት ወዲያ የሠራሁትን ላውራችሁ።

ጠዋት ስልኬ ጠራ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። አንዲት ልጅ በትህትና «ስለ አገልግሎታችን ትንሽ ልጠይቅዎት ነበር፣ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው» አለችኝ። «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እህቴ» ብዬ ዘጋሁት። ምን ስብሰባ! ፍርፍሬን እየበላሁ ነበር።

ያሳፈረኝ ውሸቱ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። ተማሪ ሳለሁ ሁለት ክረምት በአበል፣ መጠይቄን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ጭቃ እያቦካሁ ገጠር ለገጠር ዞሬያለሁ። «አምስት ደቂቃ ነው» የምትባለዋንም ያኔ ነው የለመድኳት። አንድ አባት «ስንት ከብት አለዎት?» ስላቸው «የእግዜር ናቸው» ብለው ዝም አሉኝ። ግብር መስሏቸዋል፤ አልፈርድባቸውም። ግን ማንም ከደጅ አልመለሰኝም።

አንዲት እናት ብቻ ቡና እየቀዱልኝ፣ «ልጄ፣ አምናም እንዲሁ ጽፈው ሄዱ። ምን አመጣችሁልን?» አሉኝ። ስኒውን ተቀብዬ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ።

እኛ አገር ቤት ለቤት ለሚመጣ ሰው አሁንም በር ይከፈታል። በፈረንጆቹ 2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ 98 ቤተሰብ መልሷል። ወንዶቹን ለብቻ ስታዩ ግን በ2000 ከመቶ 94 የነበረው 86 ደርሷል። እምቢ ብለው እንኳን አይደለም፤ በአብዛኛው ቢመላለሱባቸውም ቤት አይገኙም።

ጉዱ ስልክ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፒው የሚባለው የጥናት ተቋም በ1997 ከመቶ 36 ሰው ይመልስለት ነበር፤ በ2018 ስድስት ብቻ። ብሪታኒያም በ2023 የሥራ ኃይል ጥናቷ ላይ መልስ የሚሰጠው ከመቶ 17 አካባቢ ሲወርድ፣ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቷ የተለመደውን የሥራ አጥ ቁጥር ማውጣት ለጊዜው አቁሞ ነበር። ወለድ የሚወስነው ባንክ ምን ይይዝ?

አጭበርባሪ ደዋይ በዛ ይባላል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ጥያቄ ራሱ ረክሷል ባይ ነኝ። ከታክሲ ስወርድ ኮከብ ስጥ፣ ገንዘብ በላክሁ ቁጥር አስተያየት ስጥ። የኤርፖርት ሽንት ቤት ሳይቀር የሚስቅና የሚያኮርፍ ፊት ደርድሮ ይጠብቀኛል። ተመልሶ መጥቶ «ያኔ የነገርከን ይኸው እንዲህ ሆነ» ያለኝ ግን አንድም የለም። የእኚያ እናት ጥያቄ እኮ ነው።

ታዲያ ማን ይመልሳል? ፒው ሲያጣራ፣ ከሚመልሱት መካከል በበጎ ፈቃድ ሥራ የሚሳተፉ ሰዎች ከሕዝቡ ድርሻቸው በላይ ሆነው ተገኝተዋል። በእኛ ስናየው የዕድሩ ዳኛ ይመልሳል፣ እኔ ፍርፍሬን እበላለሁ፣ ከዚያ የሁላችንም ሐሳብ ተብሎ ይወጣል።

ማታ ልጅቷ አሳዘነችኝና ቁጥሩ ላይ መልሼ ደወልኩ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም።» እኛ ያኔ ሰው ቤቱ ስናጣ ሦስቴ መመላለስ ግዴታችን ነበር። እኔ አንዴ ሞክሬ ተኛሁ።