ማይኩ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ሰኞ ገበያ ሂዱ

የተከበራችሁ ወጣቶች፣ እናቶች፣ አባቶች፣ እንደምን አላችሁ? ሰላም ለሁላችሁም ይሁን።

አዳራሹ ሞልቶ ሳይ ደስ ብሎኛል። ውጭ ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖታል። ብርዱም ያው የደሴ ብርድ ነው። ከኮምቦልቻ በሌሊት ሚኒባስ ይዛችሁ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ ችላችሁ የመጣችሁት ሬዲዮ ውስጥ መግባት ስለምትፈልጉ ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁን አላባክንም።

ሬዲዮ ውስጥ ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል። ስጀምር ጋዜጠኝነት አልተማርኩም። ጣቢያ ውስጥ የማውቀው ሰውም አልነበረኝም። ዛሬ የምነግራችሁ ያኔ አንድ ሰው አስቀምጦ ቢነግረኝ ብዬ የተመኘሁትን ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሁሉ «ድምፅሽ ያምራል፣ ሬዲዮ ላይ ብትገቢ» ይለኝ ነበር። እኔም አመንኩ። አንድ ቀን ጠዋት ልብሴን አሳምሬ ወደ አንድ ጣቢያ ሄድኩ። ጥበቃው ሁለት ጊዜ መለሱኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ አርታኢ በር ላይ አግኝተው አናገሩኝ። «ምን ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ። «ድምፄ ጥሩ ነው ይሉኛል» አልኳቸው። አልሳቁም፣ አላሾፉም። «ልጄ፣ ድምፅ ያለው ሰው በየቀኑ ይመጣል። ወሬ ይዞ የሚመጣ ነው ያጣነው» ብለውኝ ገቡ።

ያን ዕለት እያለቀስኩ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። ማታ ላይ ግን ነገሩ ገባኝ። እኔ እኮ ወሬ አለኝ! ቤታችን ለሰኞ ገበያ ቅርብ ነው። በየሳምንቱ ገና ሳይነጋ የአህያ ኮቴ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እነዚያ ሰዎች ከየት ነው የሚመጡት? ስንት ሰዓት ይነሳሉ? ያልተሸጠውን ምን ያደርጉታል? ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ የእህቴን ስልክ ተውሼ ወጣሁ። ከኩታበር በኩል ድንች ይዘው የመጡ አንዲት እናት አጠገብ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ስልኩን አላወጣሁም። ድንቹን አብሬያቸው ለቀምኩ፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቅኳቸው፣ ስለ እኔም ጠየቁኝ። ከዚያ «እማማ፣ ይህን የሚሉኝን ልቅዳው? ሬዲዮ ቢወስደው ደስ ይልዎታል?» አልኳቸው። ፈቀዱልኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንደተነሱ፣ ዝናብ ሲጥል ጭነቱን በምን እንደሚሸፍኑት፣ ደላላው ዋጋ ሲሰብርባቸው ምን እንደሚሰማቸው ነገሩኝ። ድንቹ ወደ ማዳበሪያው ሲገለበጥ ያለውን ድምፅም ቀዳሁ።

ያን ቅጂ ይዤ ስመለስ ጥበቃው አልመለሱኝም። አርታኢው ቆመው ሰሙት። ከ40 ደቂቃ ውስጥ 4 ደቂቃ ወጣለት። አየር ላይ ሲውል ድምፄ የተሰማው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። የቀረው የእኚያ እናት ነበር። እኔ ሬዲዮ ውስጥ የገባሁት በእሳቸው ድምፅ ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይኸው ነው። ጀማሪ ሆናችሁ ስትሄዱ ድምፃችሁን አታስቀድሙ። ጣቢያው የሌለውን ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ልምድ ላይኖራችሁ ይችላል፣ ሰፈራችሁን ግን ታውቃላችሁ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው በምን እንደተማረረ፣ ሆጤ ላይ ልጆች የት እንደሚጫወቱ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ልጅ የቤት ኪራይ እንዴት እንደምትከፍል ከማንም በፊት የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።

ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። በአገራችን የሬዲዮ ሥርጭት ከአቃቂ የጀመረው በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ከተማ ነበሩ። ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ። ያን ወሬ ለዓለም የላኩት ግን ጦርነቱን ተከትለው የመጡ የውጭ ጋዜጠኞች ናቸው። የጻፉትን ጽፈው ሄዱ። ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ቦምቡ የደረሰባት የደሴ ሴት ምን እንዳለች ማን ቀዳ? ድምፅዋ የለንም።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ እኛው ራሳችን አየነው። ጥቅምት ውስጥ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ። ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ አሮጌ ሬዲዮ ነበረቻቸው። ማታ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርገን እንከባታለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቤት ውስጥ ተጠጋግተን ጆሯችንን እንሰጣለን። የምንሰማው ወሬ ግን ከሩቅ ነው። ዳቦ የት እንደሚገኝ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያሳልፍ፣ የታመመ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ የሚነግረን የራሳችን ድምፅ አልነበረም። ዳቦ ፍለጋ የወጣነው ገምተን ነው። የአካባቢ ሬዲዮ ለምን እንደሚያስፈልግ እኔ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ፤ ከዚያ በፊት ስሠራበት ኖሬ እንኳ እንዲህ አልገባኝም ነበር።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

ማንበብ ቀላል ይመስላችኋል። አይደለም። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። «ይበላል» ሲላላ ሰውዬው በላ፣ ሲጠብቅ ሰውዬው ተበላ። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል። ለራሳችሁ በዓይን ስታነቡ አእምሯችሁ ያስተካክለዋል። አየር ላይ ግን አፋችሁ ከአእምሯችሁ ሊቀድም ይችላል። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ወር የስፖርት ዜና ሳነብ «የዋና ውድድር» የሚለውን አጥብቄ አነበብኩት። ስለ ዋናተኞች የነበረው ዜና ስለ ሌላ ነገር ሆነ። ስልኩ ጮኸ። አድማጭ ትክክል ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠብቆ በሚነበብ ፊደል ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አደርጋለሁ። 11 ዓመት ሙሉ ያለዚያ ነጥብ አንብቤ አላውቅም። ቁጥር ሲሆን ደግሞ በፊደል ጽፋችሁ ግቡ። «1,850» የሚለውን ማይክ ፊት ሆኖ መፍታት ያደናግራል። የሰውና የቦታ ስም ካላወቃችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። የሰው ስም ማበላሸት ሰውየውን እንደ መርገጥ ነው።

ሌላው አነጋገር ነው። ስጀምር የአዲስ አበባ አንባቢዎችን ለመምሰል ደከምኩ። አፌን ጠበብ፣ ድምፄን ወፈር አደርጋለሁ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ቴክኒሺያን አንድ ቀን ቀረጻውን አቆሙና «ቅድም ሻይ ስንጠጣ ያወራችውን ልጅ አምጪልኝ፣ ይቺን አላውቃትም» አሉኝ። አነጋገራችን ጥፋት የለውም። «አብሽሩ» ብሎ የሚያጽናና ሕዝብ ነው የሚያዳምጣችሁ። ዜና በሥርዓቱ ይነበብ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን እንደ ሰው አውሩ።

ልምምድ ለማድረግ ስቱዲዮ አትጠብቁ። እኔ ጋቢ ተከናንቤ ስልክ ላይ ነበር የምቀዳው። ጋቢው የክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል። ድምፁ ንጹሕ ይመጣል። ስልኩን ከአፋችሁ ፊት ለፊት አታድርጉት፣ ትንሽ ወደ ጎን አርጉት። «ፕ»ን የመሰለ ፊደል ሲወጣ ትንፋሹ ማይኩን እንዳይመታው ነው። ከዚያ ሰምታችሁ አጥፉ። ደግማችሁ ቅዱ። የራሳችሁን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ያስጠላል። ሁላችንም ያስጠላናል፣ ይለመዳል።

ሰው ቤት ወይም ገበያ ስትቀዱ ደግሞ ቶሎ አትናገሩ። ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ አንድ ሁለት ሦስት ብላችሁ በልባችሁ ቁጠሩ። ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ነው ብዙ ጊዜ እውነተኛው መልስ። ጀማሪ ሁሉ ያንን ዝምታ ይፈራና በጥያቄ ይደፍነዋል።

የምትናገሩት ለማን እንደሚደርስም እወቁ። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ተራራ ከጋረደው ከኋላው ያለው ሰው ሹሹታ ብቻ ይሰማል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፣ ዙሪያዋ ተራራ ነው። ኮምቦልቻ ከእኛ ብዙ ዝቅ ብላ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ አንድ ሰፈር ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ ገደሉን ዞር ስትሉ ሊጠፋ ይችላል። ያለ ደመወዝ በምሠራበት ዓመት ትንሽ ሬዲዮ ይዤ በእግሬ ዞሬ የት እንደሚሰማና የት እንደማይሰማ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም። ያ ደብተር ግን ቴክኒሺያኖቹ ዘንድ ስሜን አስጠራው።

በሮቹን ልንገራችሁ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ከሚያውቃቸው የብሮድካስት ዓይነቶች መካከል የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ የሚባሉት አሉ። በሩ እንደየጣቢያው ይለያያል። የሕዝብ የሆነው ክፍት ቦታ ማስታወቂያ ያወጣል፣ ፈተና አለው፣ ዲግሪ ይጠይቃል። ማስታወቂያውን ተከታተሉ። የንግዱ ጋ ብዙ ሰው የሚገባው በተባባሪ አዘጋጅነት ነው። የአየር ሰዓት ትገዛላችሁ፣ ስፖንሰር ትፈልጋላችሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ስፖንሰር በጽሑፍ ሳትይዙ ውል አትፈርሙ። ዕዳ ውስጥ ገብተው የወጡ ጓደኞች አሉኝ። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ደግሞ በበጎ ፈቃደኞች ላይ ነው የሚቆመው። ጀማሪ የሚሳሳትበትና የሚታረምበት ቦታ ከተገኘ እሱ ነው።

ስለ ነፃ ሥራ እውነቱን ልናገር። አንድ ዓመት ያለ ክፍያ ሠርቻለሁ። ትምህርት ሆኖኛል፣ አልክድም። ግን የሠራሁት ዝግጅት በሌላ ሰው ስም አየር ላይ ሲውል ቤቴ ሆኜ ሰምቻለሁ። አሁንም ድረስ ያመኛል። ስለዚህ በነፃ የምትሠሩ ከሆነ ሁለት ነገር ከመጀመሪያው ጠይቁ። እስከ መቼ ነው? በሥራው ላይ ስሜ ይጠራል? ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። እኛ አንጋፋ የምንባለውም ልጆቹን ለዓመታት ሻይ እያስመጣን ማቆየት የለብንም። ይህን የምለው ፊት ለፊት ለተቀመጡት ባልደረቦቼም ነው።

አንድ ነገር ስለ ወሬ። ከተማችን ውስጥ ወሬ ይፈጥናል። ከማይክ ሲወጣ ደግሞ ሰው ያምነዋል። ያልተጣራ ነገር ይዛችሁ አትግቡ። የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ ከአዋጁ በላይ ግን እናታችሁ የምትሰማችሁ ናት። ጎረቤት ከጎረቤት የሚያጣላ ወሬ ከሆነ ቀድማችሁ ሁለቱንም ቤት አንኳኩ።

ምን ይዤ ልሂድ ለምትሉ፣ አንድ ሐሳብ ልስጣችሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የሚባሉትን ቅኝቶች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ባቲና አምባሰል ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ በመኪና የምንደርስባቸው ቦታዎች። እዚያ ማሲንቆ የሚመቱ ሽማግሌ አግኝታችሁ ቅኝቱን ከማን እንደተማሩ ብትጠይቋቸው እኔ ራሴ ሬዲዮዬን ከፍቼ እቀመጣለሁ። መንዙማ የሚሉ አባቶችም እንዲሁ። አንዳንዶቹ አርጅተዋል። ዘንድሮ ካልቀዳናቸው የሚከርመውን አናውቅም።

ብዙ ተናገርኩ። የቤት ሥራ ሰጥቼ ልቀመጥ። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰኞ ገበያ፣ አህዮቹ በሚገቡበት በኩል እቆማለሁ። ስልክ ያለው ስልኩን፣ የሌለው ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ይምጣ። አንድ አንድ ሰው ታናግራላችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ 10 ደቂቃ ትቀዳላችሁ። 4 ሰዓት ላይ ተሰብስበን ቡና እየጠጣን አብረን እንሰማዋለን፣ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ደቂቃ እንመርጣለን። የተመረጠውን ይዤ አርታኢው ጋ የምገባው እኔ ነኝ፣ የየባለቤቱን ስም ጽፌ። ባትሪያችሁን ማታውኑ ሙሉ፣ ጋቢም ደርቡ፣ ጠዋት ይበርዳል።