የበጉ ራስ ቅል በጣም እንዲነጣ አልፈልግም

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ብዙ ሰው ሲሰማ ፊቱን ስለሚያጨማድድበት ነገር ነው። የእንስሳት ራስ ቅል አጽድቼ፣ ትንሽ አንጥቼ፣ ቤቴ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። የበግ አለኝ፣ የፍየል አለኝ፣ አንድ የበሬም አለኝ። ሁሉም ከበዓል እርድ ወይም ከሥጋ ቤት የመጡ ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ፍርሃቱ እናውራ። እኛ ጋ ቤት ውስጥ ራስ ቅል ከታየ ወሬው ወዲያው ወደ መተትና ድግምት ይሄዳል። አክስቴ ያየች ቀን አማተበችና «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ደግሞ ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። አልፈርድባትም። ግን ቀንድ ሲሆን ማንም አይደነግጥም። አያቶቻችን በቀንድ ዋንጫ ጠጥተዋል። በስቅለት ሥዕል ላይም ከመስቀሉ ግርጌ የአዳም ራስ ቅል ሲሣል አይተናል። ራስ ቅል ለዓይናችን አዲስ አይደለም። የሚከብደን ሳሎን ሲገባ ነው።

አክስቴን በክርክር አላሳመንኳትም። ቅሉን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት፣ በቃ። በግ ተራ ሄዳ አፉን ከፍታ ዕድሜውን የምታውቅ ሴት ናት። የታችኛውን መንጋጋ ገልበጥ አድርጋ አየችና «ይሄማ ገና ሁለት ጥርስ ነው፣ ልጅ ነው» አለች። ልክ ናት። በግ ከፊት ለፊት ስምንት ጥርስ ያለው ከታች ብቻ ነው፤ ከላይ ጠንካራ ድድ እንጂ የፊት ጥርስ የለውም። የወተት ጥርሶቹ ከመሃል ጀምረው ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይቀየራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትልልቅ ጥርሶች የሚወጡት ዓመት ወይም ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። አክስቴ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረችም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መተት አንስታ አታውቅም።

እኔንም የያዘኝ ይሄው ነው። ዕድሜ ልኬን በግ ስበላ ኖሬ ፊቱን አላውቀውም ነበር። ለምሳሌ የበግና የፍየል ቅል ጎን ለጎን አስቀምጡ። በበጉ ላይ ከዓይኑ ጉድጓድ ፊት ለፊት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። በሕይወት እያለ እዚያ ጋ ዕጢ ነበረው። ፍየሏ ላይ ይሄ ጉድጓድ የለም። ወይም ዓይኖቹን እዩ። ወደ ጎን የዞሩ ናቸው፣ ዙሪያቸውን ደግሞ የአጥንት ቀለበት ከብቧቸዋል። ሣር እየጋጠ ከኋላ የሚመጣበትን ለማየት የተሠራ እንስሳ ነው። በአፍንጫው ቀዳዳ በባትሪ ብታዩ ደግሞ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት የሳሱ አጥንቶች ታገኛላችሁ። የሚተነፍሰው አየር በእነሱ በኩል ሲያልፍ ይሞቃል፣ ይረጥባል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ቦታ ነው። በችኮላ ሲጸዳ ቀድሞ የሚሰበረውም ይሄው ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ብዙ ሰው ድስት ጥዶ ማፍላት ይቀለዋል። ሥጋው ቶሎ ይለቃል፣ እውነት ነው። ግን ውሃው ሲንተከተክ ስቡ ወደ አጥንቱ ውስጥ ይገባል፣ ጥርስ ይሰነጠቃል፣ ያቺ የአፍንጫ አጥንት ትረግፋለች። ልጅ እንስሳ ከሆነ ደግሞ ቅሉ በስፌቱ በኩል ይለያያል።

እኔ የምጠቀመው ውሃና ጊዜ ነው። ቆዳውን እገፍፋለሁ፣ የሚነሳውን ሥጋ በቢላ አነሳለሁ፣ አንጎሉን ከኋላ ባለው ትልቅ ቀዳዳ በሽቦና በውሃ አወጣለሁ። ከዚያ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ውሃ ሞልቼ እነክረዋለሁ። የቀረውን ሥጋ ባክቴሪያ ይጨርሰዋል። ባክቴሪያው ሙቀት ይወዳል፤ 30 ዲግሪ አካባቢና ትንሽ ከዚያ በላይ ቢሆን ደስ ይለዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ሌሊቱም ስለሚበርድ፣ ሥራው ወራት ሊወስድ ይችላል። ድሬዳዋ ወይም አዳማ ያላችሁ በጣም ትፈጥናላችሁ። ጥቁር ባልዲ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥም ይረዳል።

ሽታው ከባድ ነው፤ አልደብቃችሁም። የጋራ ግቢ ውስጥ ለምትኖሩ አልመክርም፤ ጎረቤት መከራውን ማየት የለበትም። ውሃውን ስትቀይሩ ሁሉንም አትድፉት፣ ባክቴሪያው አብሮ ይሄዳል። ግማሹን ብቻ ዛፍ ሥር በወንፊት አጥልሉት። ወንፊቱን አትርሱ! የፊት ጥርሶች መንጋጋው ውስጥ የሚገባው ሥራቸው አንድ ብቻ ስለሆነ በቀላሉ ይወልቃሉ። ከምላስ ሥር ያሉት ቀጫጭን አጥንቶችም እዚያው ባልዲ ውስጥ ናቸው። ቀንድ ካለው ከጥቂት ጊዜ በኋላ የውጪው ሽፋን ከውስጡ አጥንት ላይ ይለቃል። እሱን ለብቻው አጥባችሁ አድርቁት።

ትልልቅ ሙዚየሞች ይህን በጥንዚዛ ያሠሩታል። በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው ሙዚየም፣ በቺካጎ ፊልድ ሙዚየም፣ ዴርሜስቲድ የሚባሉ ጥንዚዛዎች በተዘጋ ክፍል ያረባሉ። እጮቹ የደረቀውን ሥጋ ለቅመው ይበላሉ፣ ስሱን አጥንት ግን አይነኩም። ሲያዩት ያስቀናል። ነገር ግን እነዚሁ ጥንዚዛዎች የቆዳ መጋዘን ጠላት ናቸው። ቤት ውስጥ ቆዳና ሱፍ ላለው ሰው የሚሆኑ አይደሉም።

ሥጋው ካለቀ በኋላ ስቡ አለ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰለቸው። ቅሉ ንጹሕ ይመስላል፣ ከወራት በኋላ ግን ቢጫ እየሆነ፣ እየወዛ ይመጣል። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ላርጎ፣ መንከር፣ ውሃው ሲደፈርስ መቀየር፣ እንደገና መንከር። ሌላ ዘዴ የለኝም። በግ ይሻላል። የአሳማ አጥንት በጣም ቅባታም ስለሆነ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል።

የማንጣቱ ሥራ ከሁሉም አጭሩ ነው። በረኪና በፍጹም አትጠቀሙ። አጥንት ማዕድን ብቻ አይደለም፣ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን አብሮት አለ። በረኪና ይህን ፕሮቲን ያጠፋል፤ ቅሉም እየቆየ ዱቄት ዱቄት እያለ ይፈረፈራል። መድኃኒት ቤት ለቁስል የሚሸጠው 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይበቃል። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ ብረት አይሁን። ክዳኑን አታጥብቁት፤ ኦክስጅን ስለሚወጣ ዕቃው ሊፈነዳ ይችላል። ጠንከር ያለው ዓይነት ቆዳ ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። የቀንዱን ሽፋን አታስገቡ፣ ቀለሙ ይበላሻል። በመጨረሻ አጥቦ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ማድረቅ ነው።

እኔ ግን ቶሎ አወጣዋለሁ። ወተት የመሰለ ቅል አልወድም። ስፌቶቹ፣ የደም ሥር ያለፈባቸው መስመሮች፣ ጥርሱ ላይ ሣሩ ያስቀረው ጥቁር ነገር፣ እነዚህ እንዲታዩኝ እፈልጋለሁ። ያን በግ ከሌላ በግ የሚለዩት እነሱ ናቸው። ሙዚየሞችም ለጥናት የሚያስቀምጡትን ያጸዱታል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አያነጡትም።

ይህን ሳስብ ሰላም ትዝ ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ2000 በአፋር፣ ዲኪካ ቅሪተ አካሏ የተገኘው የሰው ቅድመ ዘር ሕፃን፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት። ስትገኝ ፊቷ ይታይ ነበር፣ ሌላው አካሏ ግን ከጠንካራ አሸዋማ ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ነበር። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ያንን ድንጋይ የጥርስ ሐኪም በሚጠቀምበት ዓይነት መሣሪያ ጥቂት በጥቂት ሲያነሳ ዓመታት ፈጀበት። ለዓለም የተነገረው በ2006 ነው። ከድንጋዩ ውስጥ ከወጡት አንዱ ያ ከምላስ ሥር ያለ አጥንት ነው፤ እጅግ ጥቂት በሆኑ ቅሪተ አካላት ላይ ብቻ የሚገኝ። በመቸኮል ሊጠፋ ይችል ነበር። የእኔ የበግ ባልዲ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ግን ወንፊቱን በያዝኩ ቁጥር ያ ሥራ ያበረታኛል።

አንድ ነገር በጣም አጥብቄ ልናገር። በበሽታ የሞተ ወይም ለምን እንደሞተ የማታውቁትን ከብት አትንኩ። አባ ሰንጋ ቀልድ አይደለም፤ ተህዋሲው አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፣ ሰውንም ይገድላል። የሞተ ውሻም እንዲሁ፣ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ጤነኛ ሆኖ የታረደ እንስሳ ራስ በየበዓሉ ይጣላል፤ እሱ ይበቃል።

የዱር እንስሳ ቅልም ለእኛ አይደለም። ዋልያ፣ አንበሳ፣ ነብር፣ የደጋ አጋዘን፤ ሜዳ ላይ ወድቆ ብታገኙት እንኳ ፎቶ አንሱና ለጥበቃው ሠራተኛ ንገሩ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የዱር እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አባል ናት። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ወፍ ላይ ተጠንቀቁ፤ በ1918 የወጣው የስደተኛ ወፎች ሕግ ሞታ የተገኘችን ወፍ እንኳ ቅልና ላባዋን ያለ ፈቃድ መያዝ ይከለክላል፤ አብዛኞቹን የአገሩን ወፎች ይመለከታል።

ለመጪው በዓል በግ የምታርዱና ይህን መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ራሱን ለውሻ ከመስጠታችሁ በፊት አፉን ከፍታችሁ ጥርሱን ቁጠሩ። ስንት ጥርስ እንዳወጣ በድምፅ መልእክት ላኩልኝ፣ የሚቀጥለውን ክፍል በእሱ እጀምራለሁ። ሰላም ሁኑ።