በዓይን የተጻፈ ግድግዳ

ሰላም አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ላወጋችሁ ነው። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ነገር አለ፤ ግራፊቲን (ግድግዳ ላይ የሚጻፈውንና የሚሣለውን የጎዳና ጥበብ)፣ ኮምፒውተርንና ኢንተርኔትን አንድ ላይ ይዘው ስለተጫወቱ ሰዎች።

ኢቫን ሮዝ እና ጄምስ ፓውደርሊ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ቡድን መሥርተው «የግራፊቲ ምርምር ላቦራቶሪ» አሉት። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ያደረጉት ሥራ እጅግ ቀላል ነው፦ አንዲት የኤልኢዲ አምፖል፣ ሳንቲም የሚያህል ባለ 3 ቮልት ባትሪና ጠንካራ ማግኔት። የአምፖሏን ሁለት እግሮች ባትሪው ግራና ቀኝ አድርጎ፣ ማግኔቱን ጨምሮ በፕላስተር መጠቅለል ነው። ከዚያ መወርወር! ድልድይም ይሁን የሕንፃ በር፣ ብረት ከሆነ ይለጠፍበታል፤ ቀለም ሳይነካው ለቀናት ያበራል። ባትሪና ማግኔት ጎዳና ላይ ጥሎ መሄድ አይዋጥልኝም፣ ከጨዋታው በኋላ መልቀም ይገባል። አሠራሩን ግን ማንም እንዲሠራው ደረጃ በደረጃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠውታል፤ ይህን እወድላቸዋለሁ።

በ2007 ደግሞ በኔዘርላንድ ከተማ በሮተርዳም፣ በሌዘር ሕንፃ ላይ ጻፉ። ሌዘሩ በራሱ ምንም አይጽፍም። ግድግዳው ላይ የምታርፈውን ብሩህ ነጥብ ካሜራ ይከታተላታል፣ ኮምፒውተሩ መንገዷን ወደ ቀለም ይለውጣል፣ ፕሮጀክተሩ መልሶ ሕንፃው ላይ ያበራዋል። የሶፍትዌሩን ኮድም በነፃ ለቀቁት።

«ታዲያ ይህ ከጨዋታ በምን ይለያል?» የሚል አይጠፋም። በፍጹም አይለይም፣ ጨዋታ ነው! ጨዋታው ምን እንደወለደ ግን ስሙኝ።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቴምፕት ዋን በሚል ስም የሚታወቅ የግራፊቲ ሠዓሊ አለ፤ በፊደል አጣጣሉ የተከበረ ሰው ነው። በ2003 ኤኤልኤስ የተባለው በሽታ እንደያዘው ታወቀ። ነርቭን እየገደለ ጡንቻን የሚያሽመደምድ በሽታ ነው። እጁ አልታዘዝ አለ፣ ሰውነቱ አልጋ ላይ ቀረ፤ የቀረለት የዓይኑ እንቅስቃሴ ነበር።

በ2009 ሮዝና ፓውደርሊ ከዛክ ሊበርማን፣ ከቲዮ ዋትሰንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ መሣሪያ ሠሩለት። የዓይን እንቅስቃሴ የሚከታተሉ መሣሪያዎች በወቅቱ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጡ ነበር። እነዚህ ሰዎች ርካሽ የመነጽር ፍሬም፣ የፕሌይስቴሽን ካሜራ፣ ሽቦና ጥቂት የኢንፍራሬድ፣ ማለትም ለዓይናችን የማይታይ ብርሃን የሚሰጡ፣ መብራቶች ይዘው 50 ዶላር ገደማ በሚሆን ወጪ ሠሩት። መብራቱ ዓይን ላይ ሲያርፍ የዓይን ብሌን ጠቁሮ ጎልቶ ይታያል፤ ካሜራው ይህን ጥቁር ክብ ይከታተላል። ልብ በሉ፣ ሮተርዳም ላይ ብሩህ ነጥብ በካሜራ ያሳድዱ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ጥቁሩን ነጥብ። ሙያውን የተለማመዱት ሲጫወቱ ነው!

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ በዓይን መሣል ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ነው። እጅ መስመር ይዞ ይሄዳል፤ ዓይን ግን ባዶ ሰሌዳ ላይ ለስላሳ ጎባጣ መስመር ልከተል ቢል አይችልም፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይዘላል። ስለዚህ ቴምፕት አንድ ፊደል ለመጻፍ በዓይኑ ነጥብ ያኖራል፣ ቀጥሎ ሌላ ነጥብ፣ ነጥቦቹም ተያይዘው ፊደል ይሆናሉ። ከዓመታት በኋላ የራሱን ፊደል እንዲህ ጻፈ። እሱ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ፣ የጻፈው በመሀል ሎስ አንጀለስ ሕንፃ ላይ በፕሮጀክተር ጎልቶ ታየ። ፊደሉን ያየ ሰው የቴምፕት እጅ እንደሆነ ይለየዋል፤ እጁ ግን አልነካውም! እኔ የግራፊቲ ስልት በጡንቻ ውስጥ ይኖራል ብዬ አስብ ነበር። አሁን ጭንቅላት ውስጥ ያለው ድርሻ ይበዛል እላለሁ።

የመሣሪያው ንድፍና ኮድም እንደ ቀደሙት ሁሉ በነፃ ተለቅቋል። ይህ በጎ አድራጎት ብቻ አይመስለኝም። ግድግዳ ላይ የሚጽፍ ሰው ሥራውን ላለፈ ላገደመ ሁሉ ትቶ ይሄዳል፤ መግቢያ አያስከፍልም፣ ማን እንደሚያየው አይመርጥም። እነዚህ ሰዎች ኮዳቸውን የለቀቁት በዚሁ ልማድ ነው። መሣሪያውን ቆልፈው ቢሸጡት ኖሮ፣ ለእኔ ግራፊቲነቱ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር።

በሚቀጥለው ክፍል ጀርመናዊው አርቲስት አራም ባርቶል በ2010 ኒውዮርክ ግድግዳዎች ውስጥ በሲሚንቶ ስለቀበራቸው አምስት ፍላሾች አወራችኋለሁ። ማንም ኮምፒውተሩን ግድግዳው ላይ ሰክቶ ፋይል እንዲተውና እንዲወስድ ነበር ያኖራቸው። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።