ረጅሙ ሌንስ ካሜራውን ይምረጥ

የተከበራችሁ የፎቶግራፍ ባለሙያዎችና ወዳጆች፣

ስለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ ባገኛችሁኝ ቁጥር የምታነሡልኝ ጥያቄ አለ፦ «ረጅም ሌንስ ይዣለሁ፤ የትኛውን ካሜራ ልግጠምበት?» ጥያቄውን እወደዋለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነውና። ጥሩ ሌንስ በጥንቃቄ ከተያዘ አሥርና ሃያ ዓመት ያገለግላል፤ ካሜራውን ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለቴም ሦስቴም እንቀይረዋለን። ስለዚህ ምርጫው ከሌንሱ ይነሣ።

እስቲ ከእናንተ 30 ሜትር ርቃ ቅርንጫፍ ላይ ያረፈች፣ 20 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ወፍ አስቡ። በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስታነጣጥሩባት ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው የካሜራው ክፍል) ላይ የሚያርፈው ምስሏ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የምስር ፍሬ ታክላለች። የፈለጋችሁትን ካሜራ ብትገጥሙ ይህ መጠን አይለወጥም፤ የሚወስኑት ሌንሱና ርቀቱ ናቸው። ካሜራው የሚወስነው በዚያች የምስር ፍሬ ላይ ስንት ፒክስል፣ ማለትም ስንት ጥቃቅን የምስል ነጥብ፣ እንደሚደረደር ነው። 24 ሜጋ ፒክስል (24 ሚሊዮን ፒክስል) ያለው ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ፣ ማለትም ሴንሰሩ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ፍሬም የሚያህለው፣ ወፏን ከጫፍ እስከ ጫፍ በ670 ገደማ ፒክስል ይስላታል። 45 ሜጋ ፒክስል ያለው 920 ገደማ ይሰጣታል። ባለ 20 ሜጋ ፒክስሉ ማይክሮ ፎር ሰርድስ የተባለው የካሜራ ዓይነት ደግሞ ሴንሰሩ ከሁሉም ትንሽ ሆኖ ሳለ 1200 ያህል ይደርሳል።

«ትንሽ ሴንሰር ሌንስን ያስረዝማል» ሲባል ትሰማላችሁ። ሌንሱ አይረዝምም፤ ሴንሰሩ የምስሉን ዳር ዳር ይተወዋል እንጂ። አነስ ያለ ሴንሰር ያለው ኒኮን ዲ500 እና ባለ ሙሉ ፍሬሙ ዲ850 ጥሩ ማስረጃ ናቸው። የዲ850ን ምስል በዲ500 ሴንሰር ልክ ብትቆርጡት 19 ሜጋ ፒክስል ያህል ይቀራችኋል፤ ዲ500 ራሱ ያለው 21 የማይሞላ ነው። ወፏ ላይ በሚያርፈው ዝርዝር ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

«ትልቅ ሴንሰር በደብዛዛ ብርሃን ይሻላል» የሚለውም ሁኔታን ይጠይቃል። ትልቁን ሴንሰር በወፏ መሙላት ከቻላችሁ እውነት ነው፤ ልዩነቱም ያስደስታል። መሙላት ካልቻላችሁና ኋላ የምትቆርጡት ከሆነ ግን የምትጠቀሙበት ብርሃን በዚያችው የምስር ፍሬ ላይ ያረፈውን ብቻ ነው፤ የተቀረው ሴንሰር ለወፏ የሚጨምርላት ነገር የለም። እንግዲህ ራሳችሁን ጠይቁ፦ መጠለያ ውስጥ ተደብቄ እንስሳው እስኪቀርበኝ እጠብቃለሁ ወይስ ከሐይቅ ማዶ ያለውን አነሣለሁ? ለመጀመሪያው ባለ ሙሉ ፍሬም እመርጣለሁ፤ ለሁለተኛው ፒክስሎቹ የተጠጋጉበትን። በቀትር ሙቀት አየሩ ሲርገበገብ ግን የትኛውም ካሜራ አያድናችሁም፤ በማለዳ ውጡ።

አሁን ከፒክስል ይልቅ አብዝቼ ወደምጨነቅበት ልምጣ፤ ካሜራውና ሌንሱ መግባባታቸው። አንድ ማለዳ በሌላ ኩባንያ ካሜራ ላይ በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) የገጠምኩትን ረጅም ሌንስ ይዤ ደረቅ ግንድ ላይ የቆመ ንስር ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር። ቆሞ ሳለ ፎከሱ ያለ ችግር ያዘው። ክንፉን ከፍቶ ሲነሣ ግን ሌንሱ ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ደግሞ ወደ ፊት። በመመልከቻው ውስጥ ቡናማ ጭጋግ ብቻ አየሁ። ሲጠራልኝ ባዶ ግንድ ነበር። ያ ማለዳ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምክንያቱን ኋላ ተረዳሁት። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 የኢኤፍ ሌንሶችን ሲያወጣ ፎከሱንም አፐርቸሩንም (ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ) በኤሌክትሪክ እንዲታዘዙ አደረገ። ስለዚህ የራሱ አዳፕተር ለአዲሶቹ የአርኤፍ ካሜራዎቹ የሚያስተላልፈው ያንኑ የቤቱን ቋንቋ ነው። ኒኮን ግን ከ1959 ጀምሮ የያዘውን የኤፍ መግጠሚያ ይዞ ስለቆየ፣ አንዳንድ የቆዩ ሌንሶቹ ፎከስ የሚያደርጉት በካሜራው ውስጥ ባለ ሞተር ነው። የኤፍ ሌንሶችን ከኒኮን አዲሶቹ የዜድ ካሜራዎች ጋር የሚያገናኘው ኤፍቲዜድ የተባለው አዳፕተር ሞተር ስለሌለው የእነዚህ ሌንሶች ፎከስ በዜድ ካሜራ ላይ በእጅ ብቻ ይስተካከላል፤ የራሳቸው ሞተር ያላቸው ኤኤፍ-ኤስ ሌንሶች ግን ይሠራሉ። ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲኬድ አዳፕተሩ አስተርጓሚ ይሆናል፤ አስተርጓሚ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ለቆመ ነገር ይበቃል፤ የሚበር ወፍ ግን አይጠብቀውም።

ቴሌኮንቨርተር (በሌንሱና በካሜራው መሀል ገብቶ ሌንሱን የሚያስረዝም መሣሪያ) ለመጨመር ለምታስቡ ሰዎች የማሳስበው ነገር አለ። 1.4 እጥፍ የሚያረዝመው ኤፍ/5.6 የነበረውን ሌንስ ኤፍ/8 ያደርገዋል፤ ቁጥሩ ሲያድግ የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል። ብዙ ባለ መስታወት ካሜራዎች (ምስሉን በመስታወት ወደ መመልከቻው የሚልኩት) እዚያ ላይ ፎከስ ማድረግ ያቅታቸዋል፤ ወይም መሀል ባሉ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ይሠራሉ። መስታወት የሌላቸው ግን ፎከሱን ከሴንሰሩ ላይ ስለሚያነቡ እጅግ ርቀው ይሄዳሉ፤ ካኖን በ2020 ኤፍ/11 የሆኑ የ600 እና የ800 ሚሊ ሜትር ሌንሶችን ማውጣት የቻለውም ለዚህ ነው። ድምፅ አልባውን የኤሌክትሮኒክ ሸተር (መጋረጃ ሳይንቀሳቀስ ምስሉ ከሴንሰሩ የሚነበብበትን) ስትጠቀሙ ደግሞ ሴንሰሩ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚነበብ ጠይቁ። ከቀርፋፋ ሴንሰር የሚርገበገብ ክንፍ ተጣምሞ ይወጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ሌንስ ይዛችሁ ሂዱና ካሜራው ላይ ግጠሙት። ጓንት አድርጋችሁም ቢሆን ቁልፎቹን በጣታችሁ ዳብሱ። ከዚያ ውጭ ወጥታችሁ ከጠራ ሰማይ ወደ ቁጥቋጦ የሚገባ ወፍ ተከተሉ፤ የካሜራው ፎከስ የሚፈተነው ወፏ በቅጠሎቹ ፊት በምታልፍበት ቅጽበት ነው። አንድ መቶ ፎቶ አንሡ፤ ዓይኗ የጠራባቸውንም ቁጠሩ። በሌላኛው ካሜራ ላይ እንዲሁ ድገሙትና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፏቸው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ሌንሶቻችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ፣ አሁኑኑ አብረን እንሞክራቸው።