የበሰበሰው ወይን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ብቻዬን እንኳን አይደለሁም፤ ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ሊትር የምትይዝ ጠርሙስ አለች። ውስጧ ያለው ቀለሙ ቁርጥ ማር ነው። ቶካይ አሱ ይባላል፣ የሃንጋሪ ጣፋጭ ነጭ ወይን ጠጅ።

መጀመሪያ ልናዘዝ። ጣፋጭ ወይን እንቅ ነበር። "ይሄ የሳል ሽሮፕ ነው" እያልኩ ስንቱ ላይ አሹፌያለሁ! ቡዳፔስት ለትምህርት በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ለጓደኛዬ ልደት አንድ አሱ ገዛሁ። ለተማሪ ኪስ ቀላል አልነበረም። ያቀረብኩት ከቸኮሌት ኬክ ጋር ነው። ጣፋጭ ከጣፋጭ ይስማማል ብዬ ነዋ። ኬኩ የወይኑን ጣዕም ሙልጭ አድርጎ ወሰደው፤ አፍ ላይ የቀረው ጉምዝዝ የሚል ነገር ብቻ ነበር። ጓደኞቼ ጨዋዎች ናቸው፣ ዝም ብለው ጠጡት።

ይህን ላከራዬ ነገርኳቸው። እናቴን የሚያክሉ፣ በቶካይ በኩል ያደጉ ሴት ናቸው። ከት ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ከፍሪጅ ሰማያዊ ሻጋታ ያለው አይብ አወጡ። ሽታው የእርጥብ ካልሲ ነው፣ እውነቴን ነው። "ትንሽ ቅመስ፣ ከዚያ ጠጣ" አሉኝ። የአይቡ ጨውና የወይኑ ጣፋጭነት ሲገናኙ... እንዴት ልንገራችሁ? ሁለቱም ለብቻቸው ያልነበራቸውን ጣዕም አመጡ።

ሻጋታ ከሻጋታ መስማማቱ ራሱ ይገርማል። ምክንያቱም አሱም የሚሠራው ከበሰበሰ ወይን ነው። ቶካይ በሰሜን ምሥራቅ ሃንጋሪ፣ ቦድሮግና ቲሳ የሚባሉ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ነው። በመኸር ጠዋት ጠዋት ከወንዞቹ ጉም ይነሳል። ከሰዓት ደግሞ ፀሐይ ይወጣል። ጉሙ ቦትራይቲስ የሚባለውን ሻጋታ ያመጣል፤ ሻጋታው የፍሬውን ቆዳ ያሳሳዋል፤ ፀሐዩ ውሃውን ይመጥጠዋል። ፍሬው ተጨማዶ ዘቢብ ይመስላል። ስኳሩም ጉምዛዜውም ውስጡ ይጠራቀማል። ፀሐይ የማይወጣ ከሆነ ግን ብስባሴው ተራ ብስባሴ ይሆንና ምርቱ ይበላሻል።

ለቀማው በፍሬ በፍሬ ነው። የደረቀው እየተመረጠ ይለቀማል፣ ያልደረሰው ይቀራል። ዱሮ ፑቶኝ በሚሉት 25 ኪሎ ገደማ በሚይዝ የጀርባ ቅርጫት ይለኩት ነበር። 136 ሊትር በሚይዝ በርሜል ወይን ውስጥ ስንት ቅርጫት ገባ? ጠርሙስ ላይ "5 ፑቶኞሽ"፣ "6 ፑቶኞሽ" የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። አሁን የሚለካው በስኳር ነው። አሱ ለመባል በሊትር ቢያንስ 120 ግራም፣ ለ6 ፑቶኞሽ 150 ግራም ያስፈልጋል። ኮካ ኮላ እንኳ በሊትር ከ100 ግራም ትንሽ ነው የሚያልፈው! ግን አሱ አይሰለችም። ፉርሚንት የሚባለው ዋናው የወይን ዝርያ ጎምዛዛ ስለሆነ ጣፋጩን ከሥር ይይዘዋል። ለካ ያ ኬክ የገፈፈው ጣፋጩን ነበር፤ እኔ የጠጣሁት ጉምዛዜውን ብቻ ነው።

ኤሴንሲያ የሚባልም አለ። የደረቁት ፍሬዎች ሳይጨመቁ፣ በራሳቸው ክብደት ብቻ ጠብ ጠብ የሚያደርጉት ጭማቂ ነው። በሊትር ቢያንስ 450 ግራም ስኳር አለው። በማንኪያ ነው የሚቀመሰው። አንዴ ቀምሻለሁ፣ በሰው ገንዘብ።

ሃንጋሪዎች በዚህ ወይን አይቀልዱም። ብሔራዊ መዝሙራቸው ውስጥ ሳይቀር ፈጣሪ በቶካይ የወይን ተክሎች ላይ ጣፋጭ እንዳንጠባጠበ ይዘምራሉ።

ወደ ምግቡ ልመለስ። እዚህ አገር አንደኛው ጓደኛው የዝይ ጉበት ነው። ስቡ ከባድ ነው፤ ወይኑ ከምላስ ላይ ጥርግ ያደርገዋል። ጣፋጭ ካማራችሁ የአፕሪኮት ኬክ ይሻላል፣ ወይኑ ራሱ አፕሪኮት አፕሪኮት ይላልና። ስኳሩ ግን ከወይኑ ያነሰ ይሁን። ያ እንኳን ከሌለ አንድ እፍኝ ዋልነት። ወይኑን ቀዝቀዝ አድርጉት፣ በረዶ ግን አታድርጉት። ብርጭቆውም ትንሽ ይሁን።

ባለፈው እሁድ ከዶሮ ወጥ ጋር ሞከርኩት። በርበሬውን አለሳልሶልኛል፣ አልዋሽም። እንጀራው ግን ራሱ ኮምጣጣ ነው፤ ከወይኑ ጉምዛዜ ጋር ተጣሉብኝ። ወጡን በማንኪያ ብበላው ይሠራ ነበር፤ ግን ዶሮ ወጥ በማንኪያ ስበላ እናቴ ብታይ...

ጠርሙሷ ግማሽ ቀርታለች። ፍሪጅ ውስጥ ብዙ ቀን ትቆያለች። አከራዬ ዛሬ ማታ አይብ ይዘው ይመጣሉ፣ በር ልከፍት ልሂድ። ቻው!