እኛ ጋ ይሰራል፣ ደንበኛው ጋ አይሰራም፦ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ሲበላሽ ከየት እንጀምር

[ስክሪን ላይ፦ ቪዥዋል ስቱዲዮ፣ የመጋዘን ሽያጭ ፕሮግራም ተከፍቶ]

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ የማወራው ባህር ዳርም ሆናችሁ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬም ሆናችሁ ሞጣ፣ በሲ ሻርፕ ቋንቋና የዊንዶውስ ፕሮግራም መስሪያ በሆነው በዊንፎርምስ ለሱቅ ለፋርማሲ ለመጋዘን ፕሮግራም ለምትሰሩ ልጆች ነው። ሁሉም ነገር ወደ ዌብ ሄዷል ሲባል ትሰማላችሁ፣ ግን ፍኖተ ሰላም ላይ በርበሬና በቆሎ ለሚሸጥ ነጋዴ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር አብሮ ሚቆም ሲስተም ምን ያረግለታል? እሱ ሚፈልገው ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም እዛው ኮምፒውተሩ ላይ ሚሰራ ነገር ነው፣ ስለዚ ዴስክቶፕ እኛ አካባቢ ገና ብዙ ስራ አለው።

ችግሩ ሚመጣው ፕሮግራሙ ከእናንተ ላፕቶፕ ሲወጣ ነው። ስልክ ይደወላል፦

«ልጄ፣ ያ ፕሮግራምህ እምቢ አለኝ።»
«ጋሼ፣ ምን የሚል ጽሑፍ ወጣብዎት?»
«እንጃ፣ እንግሊዝኛ ነው፣ ዘጋሁት።»

አለቀ፣ በእጃችሁ ምንም መረጃ የለም። አብዛኛው ሰው ታዲያ እዚ ጋ ኮዱን ይከፍትና የጠረጠረውን ሁሉ መነካካት ይጀምራል፣ አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል፣ ከዛ የቱ ለውጥ ምን እንዳመጣ ራሱም አያውቀውም። እኔ አጥብቄ ምላችሁ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፣ ፕሮግራሙ ራሱ ምን እንደሆነ እስኪናገር ድረስ አንድም መስመር ኮድ አትንኩ። እንዲናገር ማረግ ደግሞ የናንተ ስራ ነው፣ ጋሼ እንግሊዝኛውን እንዲያነቡላችሁ አትጠብቁ።

[ስክሪን ላይ፦ ባዶ ካች ብሎክ፣ በቀይ ተከቦ]

መጀመሪያ ይሄን አጥፉልኝ። ትራይ ተብሎ፣ ኤረር ሲመጣ ሚይዘው ካች ውስጥ ምንም ያልተጻፈበት ኮድ፣ ኤረሩን ዝም አሰኘው እንጂ አልፈታውም፣ ሽያጩ ሳይመዘገብ «ተመዝግቧል» እያለ ይቀጥላል፣ ሂሳቡ ሳይገጥም ሚታወቀው ከወር በኋላ ነው። በሱ ፈንታ ፕሮግራሙ ሲነሳ፣ ያልተያዘ ኤረር ሲመጣ ሁሉንም ወደ አንድ ቴክስት ፋይል ሚጽፍ ነገር አስገቡ፣ ዊንፎርምስ ላይ አፕሊኬሽን ስሬድ ኤክሴፕሽን እና የአፕ ዶሜይኑ አንሃንድልድ ኤክሴፕሽን የሚባሉ ሁለት ኢቨንቶች አሉ፣ ሁለቱንም ያዙ። ስትጽፉ ደግሞ የኤክሴፕሽኑን፣ ማለትም የኤረሩን፣ ሜሴጅ ብቻ አትጻፉ፣ ቱስትሪንግ አርጋችሁ ሙሉውን ጻፉት፣ ምክንያቱም ሜሴጁ «ኦብጀክቱ ናል ነው» ብሎ ዝም ይላል፣ ስታክ ትሬሱ፣ ማለትም እስከ ኤረሩ ድረስ የተጠሩት ሜተዶች ዝርዝር፣ እና ውስጥ ያለው መነሻው ኤረር፣ ኢነር ኤክሴፕሽኑ፣ ግን የት ቦታ እንደሆነ ይነግራችኋል። ስታክ ትሬስ ሲረዝም አትፍሩት፣ ከላይ ጀምራችሁ ውረዱና የራሳችሁ ክላስ ስም ያለበት የመጀመሪያው መስመር ላይ ቁሙ፣ ሁሌ መነሻዬ እሱ ነው።

ፕሮግራሙ ጭራሽ ሳይከፈት ሚጠፋ ከሆነስ? የናንተ ሎግ፣ ያ ኤረር ሚጻፍበት ቴክስት ፋይል፣ ገና አልተጀመረም ማለት ነው። ያኔ የደንበኛው ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስን የኤረር መዝገብ ሚያሳየውን ኢቨንት ቪወር ክፈቱ፣ ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዛ አፕሊኬሽን፣ ምንጩ ዶት ኔት ራንታይም የሆነ ኢቨንት ቁጥሩ 1026 ወይ 1023 ካገኛችሁ ሙሉ ኤረሩ እዛ ተጽፎ ይጠብቃችኋል። ይሄን ሳያዩ ዊንዶውስ ፎርማት ሚያረጉ ልጆች አሉ፣ እባካችሁ።

አብዛኛውን ጊዜ እዛ ምታገኙት ከኮዳችሁ ውጭ ያለ ነገር ነው። ለምሳሌ በዶት ኔት 8 ሰርታችሁ ደንበኛው ጋ ፕሮግራሙን ሚያስኬደው የዴስክቶፕ ራንታይም የለም፣ ወይ ጭራሽ ዊንዶውስ 7 ነው ያለው፣ ዶት ኔት 8 ደግሞ ዊንዶውስ 7ን አይደግፍም። ራንታይሙ ብቻ ከሆነ የጎደለው ፐብሊሽ ስታረጉ ሰልፍ ኮንቴይንድ አርጉት፣ ራንታይሙ አብሮ ይገባል፣ ፋይሉ ይተልቃል ግን በፍላሽ ወስዳችሁ ትጭናላችሁ፣ እዛ ሄዳችሁ በሞባይል ዳታ ራንታይም ከማውረድ ይገላግላችኋል። አክሰስ ዳታቤዝ ምትጠቀሙ ደግሞ «ኤስ ኦሌዲቢ ፕሮቫይደር ኢዝ ኖት ሬጂስተርድ» የሚለውን ታውቁታላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፕሮግራሙ 64 ቢት ሆኖ የተጫነው ኦፊስ 32 ቢት ስለሆነ ነው ወይ ተቃራኒው፣ ሁለቱን አንድ አርጉ።

ሌላው ዳታቤዙን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እናንተ ጋ ቪዥዋል ስቱዲዮ ከራሳችሁ ፎልደር ስለሚያስነሳው ይጽፋል፣ እዛ ግን ተራ ተጠቃሚ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ መጻፍ ስለማይፈቀድለት አክሰስ ዲናይድ ይላል። «ራን አዝ አድሚን አርጉት» ብሎ መምከር መፍትሄ አይደለም፣ ዳታውን አፕ ዳታ ወይ ፕሮግራም ዳታ ውስጥ አስቀምጡት።

[ስክሪን ላይ፦ ሪፖርት ሲጫን ነጭ የሆነ ዊንዶው፣ «ኖት ሪስፖንዲንግ»]

ይሄን ሁላችሁም አይታችሁታል። ወፍጮ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ቢኖርና እሱው እህል እያፈሰሰ እሱው ደጅ ወጥቶ ደንበኛ ሚቀበል ቢሆን፣ ማፍሰሱ ላይ እያለ ደጅ የቆመው ሰው ማንም አይመልስለትም፤ የዊንዶው ስሬድም፣ ማለትም ስራውን ተራ በተራ ሚሰራው መስመር፣ እንደዛ ነው፣ ማውሱንም ኪቦርዱንም ስዕሉንም ሚያስተናግደው አንድ ስሬድ ስለሆነ የአመቱን ሪፖርት በተን ክሊኩ ውስጥ ካስጫናችሁት ሌላውን ሁሉ ይተወዋል፣ ዊንዶውስም አምስት ሰከንድ አካባቢ ጠብቆ መልስ ካጣ ኖት ሪስፖንዲንግ ይጽፍበታል። ከባዱን ስራ ታስክ ረን ውስጥ አርጋችሁ ወደ ሌላ ስሬድ ላኩትና ዊንዶውን ሳታቆሙ በአዌት ጠብቁት። አዌት ትታችሁ ሪዛልት ወይ ዌይት ብትሉት ግን እርስ በርስ እየተጠባበቁ ለዘላለም ሊቆሙ ይችላሉ። «ክሮስ ስሬድ ኦፐሬሽን» የሚል ኤረር ከመጣ ደግሞ ከሌላ ስሬድ ሆናችሁ ሌብል ወይ ግሪድ ልትነኩ ሞክራችኋል ማለት ነው፣ በኢንቮክ ወደ ዋናው ስሬድ መልሱት።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ፣ እንግሊዝኛ ቲቶሪያል ላይ ማታገኙት።

[ስክሪን ላይ፦ የደንበኞች ሰንጠረዥ፣ ስም በሚለው ስር የጥያቄ ምልክቶች]

አማርኛ ጽፋችሁ ሴቭ አርጋችሁ ስትመልሱት ሲበላሽ፣ እንዴት እንደተበላሸ በደንብ እዩት፣ ሶስት አይነት ነው። «አበበ» ብላችሁ አስገብታችሁ ሶስት የጥያቄ ምልክት ከመጣ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ምልክት ማለት ነው፣ ዳታቤዙ ፊደሉን ስለማያውቀው ጥሎታል፣ ያ ስም ጠፍቷል፣ ምንም ብታረጉ አይመለስም። ባዶ ሳጥን ሳጥን ከሆነ ግን አትደንግጡ፣ ዳታው ደህና ነው፣ ፎንቱ ነው የሌለው፣ ኢብሪማ ወይ ኒያላ አርጉት። ሶስተኛው ምልክት የተጫነበት ዝብርቅርቅ የላቲን ፊደል ሆኖ ከተጻፈው በጣም ሲረዝም ነው፣ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደል ወደ ባይት መቀየሪያ መንገድ፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ አንባቢው እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ስላየው ነው ሚረዝመው፣ ኢንኮዲንጉን ስታስተካክሉ ይመለሳል። ሲኤስቪ አውጥታችሁ ኤክሴል ላይ ስትከፍቱት ሚመጣው ይሄ ነው፣ ዩቲኤፍ 8 ከነ ቦሙ፣ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ከሚገባው የኢንኮዲንግ ምልክት ጋር፣ አርጋችሁ ጻፉት።

የጥያቄ ምልክቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ከሆነ ኮለሙን ከቫርቻር አማርኛ ወደሚይዘው ኤንቫርቻር ቀይሩ። ብዙ ሰው ይሄን ያረግና አሁንም ይበላሽብኛል ይላል፣ ምክንያቱም ኢንሰርቱን በስትሪንግ እየቀጠለ ስለሚጽፈው ከጥቅሱ በፊት ኤን የምትባለዋን ፊደል ረስቷታል። ከነጭራሹ መቀጠሉን ትታችሁ ጽሑፉን ከትዕዛዙ ለይቶ ሚልከውን ፓራሜትር ተጠቀሙ፣ አማርኛውም ይገባል፣ ሰው በጽሑፍ ሳጥን በኩል የራሱን ትዕዛዝ ከሚያስገባበት ከኤስኪውኤል ኢንጀክሽንም ትድናላችሁ።

ስሙ በትክክል ገብቶም ፈልጎ ማግኘት ሌላ ጣጣ አለው። ጠዋት የነበረችው ጸሀፊ «ኃይሉ» ብላ መዝግባዋለች፣ ከሰአት ያለው ልጅ «ሀይሉ» ብሎ ይፈልገዋል፣ የለም ይለዋል፣ እንደ አዲስ ይመዘግበዋል፣ ከዛ አንድ ሰውዬ ሁለት የዱቤ ሂሳብ ይኖረዋል። ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ስድስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፣ ሰ እና ሠም፣ አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓም፣ ጸ እና ፀም እንደዛው። ሰውየው ስሙን እንደሚጽፈው አስቀምጡለት፣ ደረሰኙ ላይም እንደዛው ይውጣ፣ ከጎኑ ግን ለፍለጋ ብቻ ሌላ ኮለም ፍጠሩና እነዚህን ፊደሎች ወደ አንድ አይነት ቀይራችሁ እዛ አስገቡ፣ ሚፈለገውንም ቃል በተመሳሳይ መንገድ ቀይራችሁ ፈልጉ።

ቀን ደግሞ አለ። ዴት ታይም ውስጥ አመት 2015፣ ወር 13፣ ቀን 6 ብላችሁ ብትሰጡት ኤረር ያወጣል፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ግን እውነተኛ ቀን ነው፣ ሰው ገብይቶበታል። የካቲት 30ም እንደዛ ነው። ስለዚ ዳታቤዝ ውስጥ ሁሌም የፈረንጁን ቀን አስቀምጡ፣ ስክሪንና ደረሰኝ ላይ ሲወጣ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ ቀይሩ፣ ዶት ኔት ከራሱ ጋር የኢትዮጵያ ካላንደር ስለሌለው መቀየሪያውን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ ወይ የተጻፈ ላይብረሪ ትወስዳላችሁ። የምትወስዱትን ግን ፈትኑት፣ መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጁ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው፣ ሁለቱንም ቀን አንድ አይነት ሚመልስ ኮድ ካገኛችሁ ጳጉሜ 6ን አያውቃትም ማለት ነው፣ ጣሉት።

ብር ላይ ደብል የሚባለውን የቁጥር አይነት አትጠቀሙ፣ 0.1 እና 0.2 ስትደምሩ ልክ 0.3 አይሰጣችሁም፣ ዲሲማል አርጉት፣ እሱ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

[ስክሪን ላይ፦ የሽያጭ ኮድ፣ ሁለት የኤስኪውኤል ትዕዛዞች ተከታትለው]

የቀረው መብራት ነው። አንድ ነጋዴ 5 ኩንታል በቆሎ ሲሸጥ ኮዳችሁ ሁለት ነገር ያረጋል፣ ከክምችት 5 ይቀንሳል፣ ሽያጭ ላይ አንድ መስመር ይጨምራል። በሁለቱ መሀል መብራት ቢሄድ ክምችቱ ቀንሶ ሽያጩ የለም፣ ማታ ቆጠራ ላይ 5 ኩንታል ጎድሎ ሰራተኛው ይጠረጠራል፣ ምንም ያላረገ ልጅ እንጀራውን ሊያጣ ነው በናንተ ኮድ ምክንያት፣ ለዛ ነው ይሄን ጉዳይ ቀላል አርጌ ማላየው። ሁለቱን በአንድ ትራንዛክሽን እሰሩ፣ ኮሚት እስኪባል ድረስ ሁለቱም እንዳልተደረጉ ይቆጠራሉ፣ ኤስኪውኤላይትም ኤስኪውኤል ሰርቨርም ይሄን በደንብ ይሰራሉ። ባክአፕ ስትወስዱም ፕሮግራሙ እየጻፈ እያለ የኤስኪውኤላይት ፋይሉን ኮፒ ፔስት አታርጉ፣ የተሰበረ ኮፒ ልትይዙ ትችላላችሁ፣ የራሱ የባክአፕ ትዕዛዝ አለው።

ለደንበኛው ከመስጠታችሁ በፊት ሁለቱ ትዕዛዞች መሀል ብሬክፖይንት አስቀምጡ፣ እዛ ላይ ሲቆም ፕሮግራሙን ከታስክ ማናጀር ግደሉት፣ መልሳችሁ ክፈቱና ክምችቱንና ሽያጩን አስተያዩ፣ ካልተገናኙ ወደ ፍኖተ ሰላም ገና አትሂዱ።